ከሩቅ የታየች ምድር፣ ከቅርብ የሚያይ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ በሰው አገር በሥራና በድካም ያላችሁ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን ከወትሮው ጥቂት ለየት ይላል። መነሻችን የአንዲት እኅታችን ጥያቄ ነው።

ይህች እኅታችን በአንድ ቤት ልጆች ታሳድጋለች። አንድ ቀን ማታ የቤቱ ትንሽ ልጅ የትምህርት ቤት መጽሐፉን ይዞ ወደ ማዕድ ቤት መጣና አንድ ፎቶ ገልጦ አሳያት። በጥቁር መደብ ላይ ያለ ሰማያዊና ነጭ ክብ ነገር ነው። «የአንቺ አገር የት ነው?» ብሎ ጠየቃት። እጇን አድርቃ ፈለገች፤ ስም አልተጻፈበትም፣ የድንበር መስመርም የለበትም። ልጁ የዐረብን ምድር በጣቱ አሳያት። እርሷም ከዚያ ተነሥታ ቀይ ባሕርን አገኘች፤ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ የአፍሪካን ቀንድ። «ይኸው፣ እዚህ ነው» አለችው። ልጁ ሁለቱን ቦታ እያፈራረቀ አየና «ቅርብ ነው እኮ! ታዲያ ለምን አትሄጂም?» አላት።

እኅታችን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አምስት ዓመት ሙሉ ያልተሻገረችውን መንገድ ሕፃኑ በጣት ስፋት ለካው። ፎቶውን በስልኳ አንሥታ ኖሮ፣ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ አመጣችልንና ሦስት ነገር ጠየቀችን። «አንደኛ፣ ይህ እውነተኛ ፎቶ ነው ወይስ በኮምፒውተር የተሠራ ነው? አንዳንዶች ሐሰት ነው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስም ጋር ይጣላል ይላሉ። ሁለተኛ፣ እንዲህ ቅርብ ከሆንን ለምን ይህን ያህል ራቅን? ሦስተኛ፣ ከዚያ ላይ ሆኖ ለሚያይ እኔ አልታይም፤ እግዚአብሔር ግን ያየኛል?»

የመጀመሪያው ጥያቄ የዕውቀት ነው፣ ሁለተኛው የልብ ነው፣ ሦስተኛው የነፍስ ነው። በየተራ እንመልከታቸው።

፩. ፎቶው እውነተኛ ነውን?

አዎን፣ እውነተኛ ነው። እኅታችን ያሳየችን ፎቶ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1972 የተነሣ ነው። ያነሡት አፖሎ 17 በተባለች መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ይጓዙ የነበሩ ሦስት አሜሪካውያን ናቸው፤ ዩጂን ሰርናን፣ ሮናልድ ኢቫንስ እና ሃሪሰን ሽሚት። ከፍሎሪዳ ከተነሡ 5 ሰዓት ያህል ሆኗቸው፣ ከምድር ወደ 29 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ነበር። ፀሐይ ከጀርባቸው ስለነበረች ምድር እንደ ሙሉ ጨረቃ፣ አንድም ጎኗ ሳይጨልም ታየቻቸው። ሀሰልብላድ በተባለ ካሜራ፣ በፊልም አነሷት። በፎቶው ላይ አፍሪካ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የዐረብ ምድር፣ ማዳጋስካር፣ ከታች ደግሞ በበረዶ የተሸፈነው የአንታርክቲካ ምድር ይታያሉ።

ለምን ይህን ያህል መራቅ አስፈለገ? ፊታችንን ከመሶብ ክዳን ጋር ብናጣብቀው የምናየው ሁለትና ሦስት ዙር አለላ ነው፤ የመሶቡን ቅርጽና ጌጥ ለማየት ወደ ኋላ እንላለን። ምድርም እንዲሁ ናት። ዛሬ ሰዎች የሚኖሩበት የጠፈር ጣቢያ ከእኛ በላይ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ያሉት የሚያዩት ከምድር አንዱን ቁራጭ እንጂ ሁሉን በአንድ ጊዜ አይደለም።

የሰው ልጅ እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1946 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ የተተኮሰ ሮኬት ወደ 105 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በየሰከንድ ተኩሉ ፎቶ አነሣ። ሮኬቱ ወድቆ ተሰባበረ፤ ፊልሙ ግን በብረት ሣጥን ውስጥ ስለነበር ተረፈ። ከጠፈር የተነሣው የመጀመሪያው የምድር ፎቶ ይህ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚታየውም የምድር ጠርዝ ብቻ ነው። በኦገስት 1966 ሉናር ኦርቢተር 1 የተባለች ሰው የሌለባት መንኮራኩር ከጨረቃ አጠገብ ሆና ምድርን ከሩቅ አነሣች። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ስቱዋርት ብራንድ የተባለ ወጣት፣ የምድርን ሙሉ ፎቶ እስካሁን ለምን አላየንም የሚል ጥያቄ ያለበት የደረት ቁልፍ አሠርቶ በየዩኒቨርሲቲው በር በ25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በኖቬምበር 1967 ኤ.ቲ.ኤስ. 3 የተባለች ሳተላይት ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆና የምድርን ሙሉ ገጽ በቀለም ላከች። ሰዎች በዓይናቸው እያዩ ያነሡት የአፖሎ 17 ፎቶ ከዚያ በኋላ መጣ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ስንናገር ሙሉውን እንናገር። የምድር ፎቶ ተብሎ በየስልኩ የሚዞረው ሁሉ በአንድ ጊዜ የተነሣ አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ታዋቂ ሥዕል፣ በ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምትዞር ሳተላይት በብዙ ቀናት ያነሣቻቸውን ቁርጥራጮች በኮምፒውተር በማገጣጠም የተሠራ ነው። የሠሩትም አልደበቁትም፤ ራሳቸው ተናግረዋል። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው» ቢላችሁ ስለዚያ ሥዕል እውነቱን ሊሆን ይችላል። የ1972ቱ ፎቶ ግን በአንድ ፊልም ላይ፣ በአንድ ጊዜ የተነሣ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ የቆመች ሳተላይት በፀሐይ የበራውን የምድር ገጽ ሙሉውን ስታነሣ ቆይታለች። አሜሪካ ብቻም አይደለችም፤ ሩስያ፣ ጃፓን፣ ቻይና፣ ሕንድና አውሮፓውያን ለአየር ትንበያ ብለው በየራሳቸው ሳተላይት ያነሷታል። በብዙ ነገር የማይስማሙ መንግሥታት በዚህ አንድ ነገር ያነሡት ፎቶ ይስማማል።

ለእኛ ደግሞ በእጃችን ያለው ስልክ ምስክር ነው። ዱባይ ያለች እኅታችን ሰዓቷ አዲስ አበባ ካለችው እናቷ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። አሜሪካ ያለው ወንድሟ ጋ ስትደውል እርሷ ጋ ቀን ሆኖ እርሱ ጋ ሌሊት ነው። ምድር ክብ ባትሆንና ባትዞር ፀሐይ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ በወጣች ነበር።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይጣላልን? አይጣላም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲያስተምር ይህን ነገር አንሥቶታል። የዘመኑ ሊቃውንት ምድር እንደ ኳስ ናት ወይስ እንደ ሰፌድ ጎድጓዳ ናት እያሉ ሲከራከሩ፣ ሙሴ ስለ ቅርጿ ዝም ማለቱ ለመዳናችን የሚጠቅመውን ብቻ ሊነግረን ስለፈለገ ነው አለ። ቅዱሱ መርማሪዎቹን አልረገመም፤ የእምነታችንንም መሠረት በምድር ቅርጽ ላይ አላቆመም። ጻድቁ ኢዮብም ምድር የተንጠለጠለችበት ምንም ነገር እንደሌለ ተናግሯል (ኢዮ. 26፥7)። ያን ፎቶ ያየ ሰው በዙሪያዋ ካለው ጨለማ በቀር ምድርን የያዘ ነገር አያገኝም። እንግዲህ ፎቶውን አይቶ የሚደነቅ ይደነቅ እንጂ የሚፈራ አይኑር።

፪. ቅርብ ከሆንን ለምን ራቅን?

ይህን ለመመለስ ከአፖሎ 17 አራት ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1968 ፍራንክ ቦርማን፣ ጂም ላቭል እና ዊሊያም አንደርስ በአፖሎ 8 ጨረቃን ለመዞር ሄዱ። ከሰው ልጅ ያን ያህል ርቆ የሄደ ከእነርሱ በፊት አልነበረም። ሥራቸው ጨረቃን ፎቶ ማንሣት ነበር፤ ለሚቀጥሉት ተጓዦች ማረፊያ ቦታ ይፈልጉ ነበር። ምድርን ማንሣት በዚያ ሰዓት ዕቅዳቸው ውስጥ አልነበረም።

ዲሴምበር 24 ቀን፣ ጨረቃን በአራተኛ ጊዜ ሲዞሩ፣ ሕይወት ከሌለው አመድማ የጨረቃ መሬት ጀርባ ሰማያዊት ምድር ብቅ ስትል በመስኮት አዩ። አንደርስ በያዘው ጥቁርና ነጭ ፊልም ቶሎ አነሣ፤ ከዚያም የቀለም ፊልም አቀብሉኝ ብሎ ጮኸ። ላቭል አቀበለው። ያ ፎቶ ዛሬ በመላው ዓለም ይታወቃል። አንደርስ በኋላ ዘመኑ ሲናገር፣ ጨረቃን ልንመረምር ሄደን ዋነኛው ያገኘነው ነገር ግን ምድርን ነው የሚል አሳብ ይደጋግም ነበር።

ወገኖቻችን፣ ይህ ነገር የእኛም አይደለምን? እኛም ሌላ ልናይ፣ ሌላ ልናገኝ ወጥተን አገራችንን ያወቅናት እዚህ ሆነን ነው። እዚያ ሳለን ጠዋት የሚቀሰቅሰን የቤተ ክርስቲያን ደወል እንቅልፍ የሚነሣ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ውስጥ ሲሰማ እንባ ያመጣል። የእናታችን «ልጄ ብዪ እንጂ» ማለት ጭቅጭቅ ይመስለን ነበር፤ ዛሬ ብዪ የሚል የሌለበት ማዕድ ላይ ስንቀመጥ ትርጉሙ ገባን። የራቀ ሰው ሙሉውን ያያል።

በዚያው ሌሊት ሦስቱ ጠፈርተኞች ከጨረቃ ዙሪያ ሆነው የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ዐሥር ቁጥሮች ተራ በተራ አነበቡ፤ ድምፃቸውም በብዙ አገሮች በሬድዮና በቴሌቪዥን ተሰማ። ለእነርሱ የልደት ዋዜማ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ግን ቀኑ ታኅሣሥ 15 ቀን 1961 ዓ.ም. ነበርና አባቶቻችን የነቢያትን ጾም ላይ ነበሩ፤ ልደት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጨረቃ ድረስ የሄደው ሰውና አገር ቤት በጾም ደጅ የሚጠናው ሰው የሚያስቡት ስለ አንዱ ፈጣሪ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ላቭል በመስኮቱ በኩል አውራ ጣቱን ዘርግቶ ምድርን ሁሉ በጣቱ እንደሸፈናት ተናግሯል። ሰው ሁሉ፣ አገር ሁሉ፣ የሚወዳቸው ልጆቹ ሁሉ ከአንድ አውራ ጣት ጀርባ ጠፉ። ጣቱ ከምድር በልጦ አይደለም፤ ለዓይኑ ስለቀረበ ነው።

የእኅታችን ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ከዚህ ይጀምራል። በፎቶው ላይ ቀይ ባሕር እንደ ቀጭን ስንጥቅ ነው የሚታየው፤ ባብ ኤል መንደብ በተባለው ጠባቡ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ያን ባሕር በጀልባ ተሻግረው በየመን በኩል የመጡ ወንድሞቻችን ምን እንደሆነ ያውቁታል። በዚያ ውኃ የቀሩ ወገኖችም አሉን፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ስለዚህ ለእኅታችን «ልጁ እውነት ብሏል፣ ቅርብ ነው» ብለን አናልፈውም። ርቀታችን የመሬት አይደለም። የውል ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ በሰው እጅ የተያዘ ፓስፖርት ነው፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው፣ የታናናሾቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ይህን ርቀት እኛ አልፈጠርነውም፤ በአንድ ቀንም አናጠፋውም። ታግሠን፣ ጸልየን፣ ተመካክረን የምንሻገረው ነው።

ነገር ግን እኛው በአውራ ጣታችን የፈጠርነው ርቀት ደግሞ አለ። እኅት ከእኅቷ ጋር በውርስ መሬት ተኳርፋ ሦስት ዓመት ሳትደውል ትኖራለች። የላከው ገንዘብ በምን እንደዋለ ተጠራጥሮ አባቱን ያኮረፈ አለ። እዚሁ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እያስቀደስን፣ አንዱ የሌላውን የትውልድ ስፍራ ሰምቶ የሰላምታ እጁን የሚሰበስብበት ጊዜ አለ። በአገራችን የሆነው ግጭት ልብ ይሰብራል፤ ቁስሉም እውነተኛ ነው። ዘመዱ የሞተበትን ሰው «እርሳው» አንለውም። ነገር ግን ቂም ለዓይን ሲቀርብ አገርን ያህል ነገር ይሸፍናል። በዚያ ፎቶ ላይ ወሎና ትግራይ፣ ጎጃምና ወለጋ፣ ሸዋና ጋምቤላ በአንድ እይታ ተቃቅፈው ይታያሉ፤ መስመር የለባቸውም። መስመሩ በካርታ ላይ ነው፤ ሲብስ በልባችን ላይ ነው። ጣትህን ከዓይንህ ጥቂት ብታርቀው ጣትህ ጣት ሆኖ ይቀራል፤ ምድርም ትታያለች።

ስለዚያ ፎቶ አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በመጀመሪያ ሲነሣ ደቡብ ከላይ፣ ሰሜን ከታች ነበር፤ ጠፈርተኞቹ በዚያ በኩል ዞረው ነበርና። ሰው ካርታ ላይ እንደለመደው እንዲሆን በኋላ ተገለበጠ። በጠፈር ላይና ታች የለም። ታላላቅ የተባሉት አገሮች ላይ፣ እኛ ታች የሆንነው ሰው በወረቀት ላይ በሣለው ነው። በሰው ቤት «ታች» የተባላችሁ፣ በመጨረሻ የምትበሉ፣ በመጨረሻ የምትተኙ እኅቶቻችን ይህን አስቡ። በፈጣሪ ፊት የቦታ ከፍና ዝቅ የለም።

፫. እግዚአብሔር ያየኛልን?

ወደ 1972ቱ ፎቶ እንመለስ። ቀኑ በእኛ ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ነው። የነቢያት ጾም ከገባ 14ኛ ቀኑ ነው፤ ብዙ ጿሚ ገና እህል አልቀመሰም። አንዱ ሐሙስ ገበያ ውሏል፣ አንዷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። የብዙዎቻችን እናቶች ያኔ ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ፎቶ ውስጥ ልጅነታቸው አለ፤ ነገር ግን አንዷም አትታይም።

የማይታየው እነርሱ ብቻ አይደሉም። በፎቶው ዳር፣ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል እንደ ተጠቀለለ ነጭ ጥጥ የሚያምር ደመና አለ። ያ ከሁለት ቀን በፊት የደቡብ ሕንድን ጠረፍ የመታ ታላቅ ማዕበል ነው። ከላይ ጥጥ ይመስላል፤ ከሥሩ ሰዎች ቤታቸው ፈርሶባቸው ያለቅሱ ነበር። በዚያው 1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናቡ ቀርቶ ረኃብ ሕዝባችንን ይፈጀው ነበር። ፎቶው ግን ኢትዮጵያን አሳምሮ ነው የሚያሳየን። ካሜራው አልዋሸም፤ ከዚያ ርቀት እንባ አይታይም።

ስለ ፎቶ ካነሣን የራሳችንንም እንናገር። እኛ ወደ አገር ቤት የምንልከው ፎቶ እንዴት ያለ ነው? በዕረፍት ቀን፣ በተዋስነው ልብስ፣ በትልቅ የገበያ አዳራሽ ፊት ፈገግ ብለን ነው። እናታችን ታየውና «ልጄ አማረባት፣ ደልቷታል» ብላ ለጎረቤት ታሳያለች። ወገባችን እንደሚያመን፣ ደመወዛችን አራት ወር እንደተያዘ፣ ሌሊት እንደምናለቅስ ፎቶው አይናገርም። እናት እንዳትጨነቅ ብለን ነው፤ ፍቅር ነው። ነገር ግን ከዚያ የተነሣ በዓለም ላይ ሕመማችንን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ይጠፋል። ያን ጊዜ ነው ልክ እንደ እኅታችን «እግዚአብሔርስ ያየኛል?» ብለን የምንጠይቀው።

ለዚህ ጥያቄ መጽሐፍ ቅዱስ የሚመልስልን በአንዲት በሰው ቤት በምታገለግል ሴት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 ያለችውን አጋርን አስቧት። ግብፃዊት ናት፤ አገሯ ሌላ ነው። በሰው ቤት ታገለግላለች። እመቤቷ አስጨነቀቻትና ወደ በረሃ ሸሸች። በዚያ ምዕራፍ የቤቱ ሰዎች ስለ እርሷ ሲነጋገሩ ስሟን ሲጠሩ አናገኝም፤ አገልጋይ እያሉ ብቻ ነው የሚያወሩት። በውኃው ምንጭ አጠገብ ባገኛት ጊዜ በስሟ የጠራት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ከወዴት እንደመጣች፣ ወዴት እንደምትሄድም ጠየቃት። በሰው ቤት ከክርስትና ስማችን ሌላ ስም ወጥቶልን «ነይ፣ ሂጂ» ስንባል የኖርን ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አጋርም በዚያ በረሃ ለእግዚአብሔር ስም አወጣችለት፤ የሚያይ አምላክ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣው ንጉሥ አይደለም፣ ነቢይም አይደለም። ከሰው ቤት የሸሸች አገልጋይ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። መልአኩ አጋርን ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ነግሯታል፤ ይህ የዚያ ታሪክ ነው፣ ከልጇ ተስፋ ጋር የተያያዘ ምክንያት አለው። እርሱን ይዘን የምትደበደብን፣ የምትደፈርን፣ ተቆልፎባት የምትራብን እኅት «ታግሠሽ ተቀመጪ» አንልም። እግዚአብሔር ያያል ማለት እኛ አይተን ዝም እንበል ማለት አይደለም። የሚያይ አምላክ ልጆች ከሆንን እኛም እንያይ። በእንዲህ ያለ ችግር ያላችሁ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለሰበካ ጉባኤው፣ ለምታምኗት እኅት ንገሩ። ብቻችሁን አትሁኑ።

የመጨረሻውን ፎቶ እናንሣ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1990 ቮየጀር 1 የተባለች መንኮራኩር 6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ከራቀች በኋላ፣ ካርል ሳጋን በተባለው ሳይንቲስት አሳሳቢነት ፊቷን መልሳ ምድርን አነሣች። በፎቶው ላይ ምድር በብርሃን ጨረር ውስጥ ያለች ከአቧራ ቅንጣት የማትበልጥ ነጥብ ናት፤ ካልተጠቆመ አትገኝም። ያን ያህል ርቀት ሲሆን የአሠሪዎቻችን ፎቅም፣ የነገሥታት ቤተ መንግሥትም፣ የእኛም ጠባብ መኝታ ክፍል በአንድነት ጠፉ። ትንሽ መሆን አለመታየት ቢሆን ኖሮ ማንም የሚታይ ባልኖረ። ቅዱስ ዳዊት ሰማይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን አይቶ፣ ሰው ምን ሆኖ ነው እግዚአብሔር የሚያስበው ብሎ ተደነቀ (መዝ. 8)። ድንቁ ሰው ማነሱ አይደለም፤ ያነሰው ሰው መታሰቡ ነው።

ካሜራ ሙሉውን ለማየት መራቅ አለበት፤ ሲርቅ ደግሞ አንዱን ሰው ያጣል። ወደ አንዱ ሲቀርብ ሙሉው ይጠፋዋል። እግዚአብሔር ግን ምድርን ሁሉ ሲያይ ድንቢጢቱን አይረሳም፣ አንዲቷን ሲያይ ምድርን አይለቅም። ከዚህም በላይ ነው። ከሩቅ ማየት አልበቃውምና ቀረበ፤ በዚያች ትንሽ ነጥብ ላይ፣ ከድንግል ማርያም በግርግም ተወለደ። እርሱም በሕፃንነቱ ከእናቱ ጋር ተሰዶ የሰው አገር አየ። ያ ፎቶ የተነሣበት ቀን፣ ወር በገባ በ28፣ የአማኑኤል መታሰቢያ ነው፤ ትርጉሙም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። ለእኅታችን ሦስተኛ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። አዎን እኅታችን፣ ያይሻል፤ ከሩቅ ሳይሆን ከአጠገብሽ ሆኖ።

ለሳምንቱ የሚሆን ሥራ

ትምህርት በተግባር ነውና እስከሚቀጥለው ዓርብ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ የምድርን ፎቶ በስልካችሁ ፈልጉ። አገራችሁንና አሁን ያላችሁበትን ቦታ በጣታችሁ አግኙ። ስለ ሁለቱም ጸልዩ፤ ስለምትሠሩበት ቤትና ስለ ልጆቹም ጭምር።

ሁለተኛ፣ «በአውራ ጣቴ የሸፈንሁት ማን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ስም ከመጣላችሁ ደውሉ። ነገሩን ሁሉ በአንድ ቀን መፍታት ላይቻል ይችላል፤ «እንደምን አለሽ? እንደምን አለህ?» ማለት ግን ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ፎቶው የማያሳየውን ሕመማችሁን ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ደግሞም በቅዳሴ ላይ ካጠገባችሁ የቆመችውን ዝም ያለች እኅት ስሟን ጠይቋት፤ በክርስትና ስሟም ጥሯት።

እኅታችን ከዚያ ዓርብ በኋላ ለልጁ መልስ እንደሰጠችው ነግራናለች። «ለምን አትሄጂም?» ላላት፣ «መንገዱ አጭር ነው፣ ሥራዬ ግን አላለቀም። ሲያልቅ እሄዳለሁ፤ እስከዚያ የሚያየኝ እዚያም እዚህም አንድ ነው» አለችው። ልጁም መጽሐፉን አጥፎ ተኛ። እርሷም ተኛች።

ምድርን በምንም ላይ ያጸና አምላክ እናንተንም ያጽናችሁ። የታመማችሁትን ይማር፣ ደመወዛችሁ የተያዘባችሁን ያስፈታላችሁ፣ በየቤቱ የተዘጋባችሁን በር ይክፈትላችሁ። ለአገራችን ሰላምን፣ ለሁላችንም በጤና የዘመዶቻችንን ፊት ለማየት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።

ይቆየን።